የአያቴን ዕድሜና የዘር ቆጠራ ከቃል ወደ ወረቀት ለማስፈር ከየት ልጀምር?

የደንቢያ ልጅ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። የእናቴን እናት ታሪክ በድምፅ ቀድቼ፣ የዘር ቆጠራውን ደግሞ በወረቀት ላሰፍር አስቤያለሁ። ደንቢያ ተወልደው ያደጉ ናቸው፤ አሁን ጎንደር ከተማ ከአክስቴ ጋር ይኖራሉ። ጆሯቸው ትንሽ ከመክበዱ በቀር ትውስታቸው ደኅና ነው። እኔ ያለሁት ሜሪላንድ ስለሆነ ጊዜ የማገኘው ለገና ስሄድ ብቻ ነው።

እስካሁን የያዝኩት ይህ ነው። ለቪዛ ተብሎ የተዘጋጀ ወረቀት ላይ የትውልድ ዘመናቸው 1931 ይላል፤ አዲሱ መታወቂያም 1931 ዓ.ም. ብሎታል። እሳቸው ግን «ጣልያን ሲገባ ጠቦት እጠብቅ ነበር፤ ጣልያን በወጣ ዓመት ተዳርኩ» ይላሉ። የክርስትና ስማቸው ወለተ ሚካኤል ነው፤ ክርስትና የተነሡት ኅዳር ሚካኤል ዕለት እንደሆነ ያውቃሉ። በአባታቸው በኩል ዘጠኝ ትውልድ ሳይደናቀፉ ይቆጥራሉ፤ በእናታቸው በኩል ግን ሦስት ላይ ይቆማሉ። ዓመቱን እንዴት ላውጣው? ምን ብዬስ ልጠይቅ? በስልክ መቅዳት ይበቃል ወይስ መቅጃ ልግዛ?

ባሕረ ሐሳብ

ዓመተ ምሕረት አይጠይቁ። «በስንት ዓመተ ምሕረት ተወለዱ?» ሲባሉ አዛውንት ወይ «እኔ ምን አውቄ» ብለው ይዘጉታል፣ ወይ መታወቂያቸው ላይ ያለውን ይደግሙልዎታል። ያኔ የቀዱት የቀበሌ ጸሐፊን ግምት ነው። ጥያቄው ከዘመን ምልክትና ከልጅ ሥራ ጋር ይያያዝ፦ «እንዲህ ሲሆን ጡት ላይ ነበሩ? ድክ ድክ ይሉ ነበር? ጠቦት ይጠብቁ ነበር? ወይስ እንስራ ያዝሉ ነበር?» እርስዎ ሳይጠይቁ አያትዎ ራሳቸው እንዲህ ነግረውዎታል፤ ከመታወቂያው ይልቅ እኔ ይህን አምናለሁ።

እንየው። ጎንደር በጣልያን የተያዘችው መጋቢት 1928 ነው። ጠቦት የሚያስጠብቁት ከአራት እስከ ስድስት ዓመት የሆነውን ልጅ ነው፤ ከብት የሚሰጠው ከፍ ሲል ነው። ስለዚህ ልደታቸው ከ1922 እስከ 1924 ባለው ውስጥ ይወድቃል።

«ጣልያን በወጣ ዓመት» የሚለው ላይ ደግሞ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ሁሉም 1933 ብሎ ይጽፋል፤ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ጃንሆይ አዲስ አበባ የገቡበት ነው። ጎንደር ላይ ያለው የጣልያን ጦር እጁን የሰጠው ግን ኅዳር 18 ቀን 1934 ነው። የሰርጉ ወቅት ከጥምቀት በኋላ ስለሆነ የአያትዎ ጋብቻ ወደ ጥር ወይም የካቲት 1934 ያመዝናል። መታወቂያው እውነት ቢሆን ያኔ የሦስት ዓመት ሕፃን ናቸው። በ1923 ከተወለዱ አሥር ዓመት ያልፋቸዋል፤ በዚያ ዘመን በዚያ አገር ሴት ልጅ የምትዳርበት ዕድሜ ነው። አንድ ነገር ግን ለይተው ይጠይቁ፦ «የተዳሩበትና ከባል ቤት የገቡበት አንድ ጊዜ ነው?» ልጅ ሆና ተድራ ጥቂት ዓመት ከወላጆቿ ጋር የምትቆይ ነበረች።

ታዲያ 1931 ከየት መጣ? ጥርጣሬዬ የፈረንጅ ዓመት ነው የሚል ነው። ለቪዛው ሲተረጎም ወደ ፈረንጅ ተለወጠ፣ ከዚያ አዲሱን መታወቂያ የሞላው ሰው ቁጥሩን እንዳለ ገልብጦ «ዓ.ም.» ጨመረበት። በፈረንጅ 1931 ማለት እስከ ጳጉሜን ድረስ ባለው የእኛ 1923 ነው፤ ከመስከረም በኋላ ያለው 1924።

ክርስትናውን እንጨምርበት። ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ነው የሚነሡት። ከኅዳር 12 ቀን 1924 ወደ ኋላ 80 ቀን ስንቆጥር፦ ኅዳር 12፣ ጥቅምት 30፣ መስከረም 30፣ በድምሩ 72። ስምንት ይቀራል። ጳጉሜን ስንት ነበረች? ዓመቱ ላይ 5500 ደምረው ለአራት ያካፍሉ፤ 5500 ሲደመር 1923፣ 7423 ነው፤ ለአራት ሲካፈል 3 ይተርፋል። 3 ከተረፈ ዘመነ ሉቃስ ነው፤ ጳጉሜን ስድስት ቀን ትሆናለች። ስድስቱን ስንቀንስ ሁለት ይተርፋል፤ ነሐሴ 28 ላይ ያደርሰናል። የልደቱ ዕለት ራሱ እንደ አንደኛ ቀን ከተቆጠረ ነሐሴ 29 ይሆናል። በፈረንጅ ነሐሴ 28 ቀን 1923 ሴፕቴምበር 3 ቀን 1931 ነው። ከወረቀቱ ጋር ገጠመ ማለት ነው።

ይህ ማስረጃ አይደለም፣ የገጠሙ ግምቶች ናቸው። ሕፃን ከታመመ ከ80ው በፊት ይጠመቃል፤ ያኔ ቀኑ ይፈርሳል፣ ዓመቱ ግን ብዙም አይነቃነቅም። ሲጽፉ «ነሐሴ መጨረሻ 1923 ገደማ፣ ከክርስትና ቀንና ከጣልያን መግባት የተሰላ» ብለው ይጻፉት። ባዶ ቁጥር ብቻ ካስቀመጡ ከሃያ ዓመት በኋላ ያገኘው ሰው እንደ ልደት ምስክር ወረቀት ያነበዋል።

አሜሪካ ላሉ ዘመዶችዎም ይህን ይወቁት፦ ቀኑን የማያውቅ ስደተኛ ወረቀቱ ላይ ጃንዋሪ 1 ነው የሚሞላለት። በአንድ ቤተሰብ ውስጥ አራት ሰው ጃንዋሪ 1 ከተወለደ ቀኑን ጣሉት፤ ዓመቱንም በጥርጣሬ ያዙት።

ምንዥላት

ባሕረ ሐሳብ ስለ ቀኑ ያለው ልክ ነው። እኔ ስለ ዘጠኙ ትውልድ ልናገር።

በአባት በኩል ዘጠኝ፣ በእናት በኩል ሦስት መሆኑ የማስታወስ ጉዳይ አይደለም፤ የርስት ጉዳይ ነው። እስከ 1967ቱ የመሬት አዋጅ ድረስ በዚያ አገር መሬት የሚገኘው ከአቅኚው አባት እየቆጠሩ ሲወርዱ ነበር። በአባትም በእናትም መቁጠር ይቻላል፤ ግን ሰው ደጋግሞ የሚቆጥረው መሬት የያዘበትን ወይም ዳኛ ፊት የተከራከረበትን መስመር ነው። መሬት ያልተገኘበት መስመር ይዘነጋል። ስለዚህ የእናታቸውን ወገን ሲፈልጉ አያትዎን ብቻ አይጠይቁ፤ የእናታቸው የትውልድ ቀበሌ ሄደው መሬቱን የያዙትን ዘመዶች ይጠይቁ። እዚያ ያለው ሽማግሌ የአያትዎን እናት «ወጥታ የተዳረች» ብሎ ከነወንድሞቿ ይቆጥርልዎታል። ሌላው የቆጠራ ምክንያት ጋብቻ ነው፤ እስከ ሰባት ቤት ዝምድና ይፈተሽ ስለነበር ለልጆቻቸው ሽምግልና የተቀመጡ አሮጊቶች ጎን ለጎን ያለውን ዘመድ ከወንዶቹ አብልጠው ያውቁታል።

ዘጠኙንም እንዳለ አይቀበሉት። የሚዘለለው መካከሉ ነው። መጨረሻው ስመ ጥር ስለሆነ አይረሳም፣ መጀመሪያው ቅርብ ስለሆነ አይረሳም፤ አምስተኛውና ስድስተኛው ነው የሚጠፋው። «የእገሌ ልጅ» የሚለው ቃል የልጅ ልጅንም፣ ወገንንም ያጠቃልላል። ስለዚህ እያንዳንዱ ላይ ቆም ብለው «ይህን የወለደው ራሱ ነው ወይስ ከእሱ ወገን ነው?» ይበሉ። ከዚያ በሒሳብ ይፈትሹት። አንድ ትውልድ ከ25 እስከ 30 ዓመት ቢያዝ፣ ዘጠኝ ትውልድ ከ225 እስከ 270 ዓመት ነው። ከ1923 ሲቀነስ የመጨረሻው አባት የተወለደው ከ1653 እስከ 1698 ባለው ነው፤ ማለት በአድያም ሰገድ ኢያሱ ዘመን አካባቢ። ቤተሰቡ «አቅኚያችን የፋሲል ባለሟል ነበር» የሚል ከሆነ አይገጥምም፤ ፋሲል ያረፈው በ1660 ነው። ወይ አንድ ሁለት ስም ተዘሏል፣ ወይ ባለሟልነቱ ኋላ የተጨመረ ጌጥ ነው። ብዙ ጊዜ ሁለቱም ነው።

የቅርብ ዘመድ ስያሜም ያሳስታል። «ወንድሜ» የአጎት ልጅ ሊሆን ይችላል፤ «እናቴ» ያሳደገች አያት ልትሆን ትችላለች። «በአንድ ማሕፀን ናችሁ? አባታችሁስ አንድ ነው?» ብለው ለይተው ይጠይቁ። የጡት ልጅ፣ የእንጀራ ልጅ፣ የክርስትና ልጅ ሁሉ ከልጆች ጋር ተቆጥረው ይመጣሉ፤ አይሰርዟቸው፣ ዓይነቱን ጽፈው ያስገቧቸው። የማዕረግና የፈረስ ስምም ከመጠሪያው ይለይ። ግራዝማች፣ ቀኛዝማች ስም አይደለም። «አባ» የሚለው ደግሞ የፈረስ ስም ነው ወይስ ምንኵስና ነው? ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ እንደተባሉት ባላባቱም በፈረሱ ስም ይጠራ ነበርና «አባ እገሌ» ሁሉ መነኩሴ አይደለም።

ድምፅ ቀራጭ

ስልክ ይበቃል፤ መቅጃ አይግዙ። ቀረጻ የሚበላሸው በርቀትና በሁካታ ነው። ስልኩን ከአፋቸው ከአንድ ክንድ ባነሰ ርቀት፣ የታችኛውን ጫፍ (ማይኩ እዚያ ነው) ወደሳቸው አዙረው፣ በታጠፈ ነጠላ ላይ ያስቀምጡት። በባዶ ጠረጴዛ ላይ ከሆነ ሲኒ በተቀመጠ ቁጥር እንደ መዶሻ ይሰማል። የአውሮፕላን ሁነታ ላይ ያድርጉት፤ መሐል ላይ ስልክ ከተደወለ ቀረጻው ሊቋረጥ ይችላል፣ እርስዎም ላያስተውሉ ይችላሉ። የደረት ማይክ ካለዎት ከነጠላው ውጭ ይሰካ፤ ውስጥ ከገባ ጨርቁ ሲፈጭበት ይውላል።

ግማሽ ደቂቃ ቀድተው በጆሮ ማዳመጫ ሳይሰሙ አይጀምሩ።

ስለ ፋይሉ፦ ስልኩ በራሱ የሚያወጣው ኤምፎርኤ (የተጨመቀ የድምፅ ፋይል) በደቂቃ አንድ ሜጋባይት ገደማ ነው፤ ለንግግር ይበቃል። ዌቭ (ያልተጨመቀ የድምፅ ፋይል) ከመረጡ በአንድ ቻናል በደቂቃ አምስት ሜጋባይት፣ በሰዓት ወደ 300 ነው፤ ቦታ ካለ ዌቭ ይሻላል። ቴሌግራም ላይ በ«ድምፅ መልእክት» በጭራሽ አይቅዱ፤ ጨፍልቆ ነው የሚያስቀምጠው። ሲልኩም እንደ ፋይል ይላኩ፤ ፎቶም እንዲሁ።

ጊዜውን ይምረጡ። ከገና በፊት ከደረሱ አያትዎ ጾመ ነቢያት ላይ ናቸው፤ እስከ ቀትር ካልቀመሱ ሰው ጋር ረጅም ወሬ አይሆንም። ከበዓሉ በኋላ፣ ከቁርስ በኋላ፣ ከ40 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት፤ ከዚያ በላይ ሲደክማቸው ማሳጠር ይጀምራሉ፣ ያሳጠሩትን ደግሞ ሌላ ቀን መልሰው አያስረዝሙትም። ቡናው ይፈላ፣ ወሬ የሚከፍተው እሱ ነው፤ ግን ቆሎው ሲቆላና ሙቀጫው ሲወቀጥ ያቁሙና አቦሉ ሲቀዳ ይጀምሩ። ጆሯቸው ከከበደ በሚሰማው በኩል ፊት ለፊት ይቀመጡ፤ መጮኽ አይረዳም፣ ድምፅን ወፈር አድርጎ ቀስ ማለት ነው።

መጀመሪያ ላይ ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር፣ ቦታውን፣ የተገኙትን ሰዎች በድምፅ ይናገሩ። ፈቃዳቸውንም እዚያው ይጠይቁ፦ «እማማ፣ ይህን ለልጆች እንዳስቀምጠው ይፈቅዳሉ?» ሲናገሩ «እሺ፣ እሺ፣ ውይ» አይበሉባቸው፤ ራስዎን ይነቅንቁ። ዝም ሲሉም ቶሎ ሌላ ጥያቄ አያስገቡ። አዛውንት ዝም የሚሉት ስም እየፈለጉ ነው።

አንድ ጥሩ መንገድ የድሮ ፎቶ ነው። ለእያንዳንዱ ፎቶ ቁጥር ይስጡና «ፎቶ 7፣ ከግራ ሁለተኛው ማን ነው?» እያሉ ይቅዱ። ከመስታወት ጋር የተጣበቀ ፎቶ አይላጡ፤ ፊቱ መስታወቱ ላይ ይቀራል። ከነመስታወቱ፣ ያለ ፍላሽ፣ በመስኮት ብርሃን ወደ ጎን አድርገው ያንሱት። ጀርባው ላይ በእስክሪብቶ አይጻፍ፤ በለስላሳ እርሳስ፣ ጠርዙ ላይ።

መዝገብ ቤት

ወረቀት ማንም ስላላነሣ፦ የ1920ዎቹን የልደት መዝገብ አይፈልጉ፣ የለም። የወሳኝ ኩነት (ልደት፣ ጋብቻ፣ ሞት) ምዝገባ በአገር ደረጃ የተጀመረው በ2008 መጨረሻ ነው። ከዚያ በፊት ያለው ሁሉ ከሌላ ወረቀት ጥግ የሚለቀም ነው።

ከሁሉ የሚጠቅመው የፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ ነው። አንድ ሰው ሲሞት ልጆቹ በስም ተዘርዝረው፣ ሚስት ተጠቅሳ፣ የሞቱበት ቀን ተጽፎ ይገኛል። ብዙ ቤት ውስጥ ከቤት ካርታው ጋር በአንድ ፖስታ ተቀምጧል፤ አክስትዎን ይጠይቁ። ቀጥሎ የእድር መዝገብ፤ አባሉና የቤተሰቡ ስም፣ የተከፈለበት ልቅሶ ከነቀኑ አለበት። ጸሐፊው ፊት ሆነው ገጹን ፎቶ ማንሳት ብዙ ጊዜ ይፈቀዳል፤ የሌላ ሰው ገጽ ግን አያንሱ። የድሮ የመሬት ግብር ደረሰኝ ካለ ስሙን በጥንቃቄ ያንብቡ፤ ግብሩ በሞተ ባለርስት ስም እየተከፈለ ሊቆይ ስለሚችል የከፋዩ ላይሆን ይችላል።

ቤተ ክርስቲያን ከሄዱ የልደት መዝገብ ሳይሆን የብራና ኅዳግ ነው የሚጠይቁት። በወንጌሉ ጠርዝና ባዶ ገጽ ላይ የመሬት ስጦታ፣ ውል፣ የምስክሮች ስም ይጻፍ ነበር። በደብሩ አለቃ በኩል ይግቡ፤ መጽሐፉን ራስዎ አይግለጡ። የክርስትና ስም ዝርዝር ይዘው ይሂዱ፣ ምክንያቱም ፍትሐትና ተዝካር የሚደረገው በክርስትና ስም ነው፤ በዓለም ስሙ ቄሱም አያውቀውም። የመቃብር ድንጋዮችን ደግሞ ዛሬ ነገ ሳይሉ ያንሱ። ግቢው ሲታደስ ይነሣሉ።

አዲስ አበባ ጊዜ ካለዎት ወመዘክር (ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት) እና በስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም የድሮ ጋዜጦች አሏቸው። ያለ ቀን ግን አይሂዱ። አዲስ ዘመን ጋዜጣ ከ1933 ጀምሮ ነው ያለው፤ «አጎቴ ሹመት አግኝቶ ነበር» በሚል ብቻ ገብቶ የተሳካለት የለም፤ ወርና ዓመት ይዘው ከገቡ በአንድ ቀን ይጨርሳሉ።

የደንቢያ ልጅ (ጠያቂ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ 1931 የፈረንጅ ይሆናል ብዬ በጭራሽ አላሰብኩም ነበር። ሁለት ነገር ይቀረኛል። እሳቸው ሲያወሩ አጎቶቼ መሐል እየገቡ «አይ፣ እንዲህ አይደለም» እያሉ ያርማሉ፤ ምን ላድርግ? የተሰበሰበውንስ በምን ልጻፈው? ስልክ ላይ ያለው የቤተሰብ ዛፍ መተግበሪያ የቤተሰብ ስም እየጠየቀ ያስቸግረኛል።

ምንዥላት

አጎቶቹን አይከልክሉ፣ ለዩዋቸው። መጀመሪያ እሳቸውን ብቻቸውን፤ ከዚያ አጎቶቹን በየተራ፣ አንዱ የሌላውን ሳይሰማ፤ መጨረሻ ሁሉንም አንድ ላይ። መጀመሪያ ከተሰበሰቡ ድምፁ የጎላው ያሸንፋል፣ እሳቸውም «እንግዲህ እሱ ያውቃል» ብለው ይተዉታል። በየተራ ከተቀዱ ግን ልዩነቱ ራሱ መረጃ ነው፤ ሁለት ሰው በአንድ ስም ላይ ከተለያየ እዚያ ጋ የተዘለለ ትውልድ ወይም ሁለት ሚስት ያለው አባት አለ ማለት ነው። አንዱን መርጠው ሌላውን አይጣሉ፣ ሁለቱንም ከነተናጋሪው ይጻፉ።

ሲያወሩ «ይሄ ይቅር» ያሉት ነገር ይቅር። በባርነት የተያዘ፣ በሥራው የተናቀ፣ ያለ ጋብቻ የተወለደ ሰው በየቤቱ አለ፤ ልጆቹ ደግሞ ዛሬ በሕይወት አሉ። በቤተሰቡ የቴሌግራም ቡድን ላይ ከመለጠፉ በፊት በሕይወት ያለው ባለጉዳይ ይጠየቅ።

ባሕረ ሐሳብ

ስለ መጻፊያው። መተግበሪያው ይቆይ፤ በኤክሴል ይጀምሩ። ለእያንዳንዱ ሰው ቁጥር ይስጡ፤ አባትና እናት በስም ሳይሆን በቁጥር ይጠቀሱ። ካልሆነ ሦስት «ገብረ ማርያም» ሲመጣ ሁሉም ይደበላለቃል። ዓምዶቹ ስም፣ የአባት ቁጥር፣ የእናት ቁጥር፣ የክርስትና ስም፣ ቀበሌና ደብር፣ «እንደተባለው»፣ «እንደተሰላው»፣ «ማን ነገረን»። «እንደተባለው» ውስጥ ቃላቸውን እንዳለ ይጻፉ፦ «ጣልያን ሲገባ ጠቦት እጠብቅ ነበር»። «እንደተሰላው» ውስጥ 1922–1924። ነገ የተሻለ ስሌት ያገኘ ሰው ቃሉን ሳይነካ ቁጥሩን ያርማል።

ፊደሉ ላይ ይጠንቀቁ። ኃይሉ፣ ሐይሉ፣ ሀይሉ ለኮምፒውተሩ ሦስት ሰዎች ናቸው። ስሙን ባለቤቱ እንደሚጽፈው ይተዉትና አጠገቡ ለፍለጋ ብቻ የሚሆን ዓምድ ይጨምሩ፤ እዚያ ሐን፣ ኀንና ኃን በሀ፣ ሠን በሰ፣ ዐን በአ፣ ፀን በጸ ይለውጡ። ሁለት ቃል ያለውን ስም ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ይጻፉ፤ ወለተ ሚካኤልን አንዴ ለያይቶ አንዴ አጋጥሞ ማስገባት ፍለጋውን ይገድላል።

ኋላ ወደ መተግበሪያ ሲያስገቡ የቤተሰብ ስም የሚለው ላይ የአባት ስም ይግባ፤ ግን ለሁሉም በአንድ ሕግ። አሜሪካ ያሉት አንዳንዶቹ የአያት ስም፣ አንዳንዶቹ የአባት ስም አስመዝግበው ስለሆነ በወረቀታቸው ከሄዱ ወንድማማቾች የተለያየ ቤተሰብ ይሆናሉ። እስራኤል ያሉ ዘመዶች ካሉም ብዙዎቹ የዕብራይስጥ ስም ወስደዋል፤ የድሮው ስም «ሌላ ስም» በሚለው ይግባ። ያገቡ ሴቶችን መተግበሪያው በባል ስም ሊያደርጋቸው ከሞከረ ያጥፉት። ቀኑን የሚቀበለው በፈረንጅ ከሆነ ለውጠው ያስገቡ፤ የእኛው ቀን ማስታወሻው ውስጥ «በኢትዮጵያ አቆጣጠር» ተብሎ ሙሉ በሙሉ ይጻፍ። ልዩነቱ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7 ነው፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 8።

ድምፅ ቀራጭ

የድምፅ ፋይሎቹንም በዚያው ቁጥር ይሰይሟቸው፤ ቀን ቀድሞ፣ ከዚያ የተናጋሪው ቁጥር፣ ከዚያ ተራ። ዓመቱ፣ ወሩ፣ ቀኑ በዚህ ቅደም ተከተል ከተጻፈ ኮምፒውተሩ በራሱ ይደረድረዋል። ኤክሴሉ ላይ «ማን ነገረን» አጠገብ የፋይሉን ስምና ደቂቃውን ይጨምሩ፦ «ፋይል 3፣ 17ኛው ደቂቃ»። ሙሉውን ለመገልበጥ አይቸኩሉ፤ የአንድ ሰዓት ወሬ ቃል በቃል መጻፍ ሙሉ ቀን ይፈጃል። የደቂቃ ማውጫ ብቻ መጀመሪያ ይውጣ። ቅጂው ሦስት ይሁን፦ አንዱ እርስዎ ዘንድ፣ አንዱ ድራይቭ ላይ፣ አንዱ ፍላሽ ላይ ሆኖ ጎንደር አክስትዎ ዘንድ። ፍላሹን ከመስጠትዎ በፊት እዚያው ቤት ባለው ስልክ ወይም ቴሌቪዥን ከፍተው ይሞክሩት፤ ዌቭ የማይከፍት ካለ ኤምፒስሪ ቅጂ ይጨምሩበት።